ባጁን ተቀብሎ ሽጉጡን ያልነካው ሸሪፍ

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሸሪፍ ደረቱ ላይ ያለውን ኮከብ ያወልቃል፤ ሽጉጡንም ፈትቶ ያስረክባል። ለምን እንደሆነ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሥራውን ለቆ መንገድ ሲጀምር ግን የማያውቃቸው ሰዎች ከበው ይደበድቡትና ሃርመኒ ወደምትባል ከተማ ይወስዱታል። ሃርመኒ ማለት ስምምነት ማለት ነው። ስሟ እንዲያ ይሁን እንጂ ገብተው የሚወጡባት ከተማ አይደለችም።

እ.ኤ.አ. በ1967 መጨረሻ ይህን በቴሌቪዥኑ ያየ እንግሊዛዊ ጣቢያ የተሳሳተ መስሎት ሊሆን ይችላል። ሲጠብቅ የነበረው «ዘ ፕሪዝነር» (እስረኛው) የተባለውን የስለላ ተከታታይ ድራማ ነው፤ የመጣለት ግን የካውቦይ ፊልም ነው። የተለመደው መግቢያ እንኳ የለውም።

የድራማው ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። ፓትሪክ ማክጉሃን የሚጫወተው ሰላይ በድንገት ሥራውን ይለቃል። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ቤቱ ውስጥ በጋዝ ያደነዝዙታል፤ ሲነቃ ራሱን «መንደሩ» በሚባል ውብ ቦታ ያገኛል። እዚያ ስም የለም፣ ያለው ቁጥር ነው። እሱ ቁጥር 6 ተብሏል። የመንደሩ አለቃ ቁጥር 2 ነው። አለቃው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ጥያቄው ግን አይቀየርም፤ ሰውየው ሥራውን ለምን እንደለቀቀ ማወቅ ይፈልጋሉ። 17ቱ ክፍሎች በአብዛኛው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ይዞራሉ።

የካውቦዩ ክፍልም ያችኑ ጥያቄ ሌላ ልብስ አልብሶ ያመጣታል። የሃርመኒ ጌታ «ዳኛው» ይባላል። ለቀድሞው ሸሪፍ የከተማዋን ባጅ ያቀርብለታል፤ ሰውየው እምቢ ይላል። በኋላ ሊያስመልጠው የሞከረች ሴት ስትታሰር እሷን ለማስፈታት ሲል ባጁን ይቀበላል። ሽጉጡን ግን አይነካም። ከተማው በሙሉ ሽጉጡን እንዲያነሳ ይገፋፋዋል፤ ሴቲቱ ስትገደልበት ብቻ ያነሳዋል። በመጨረሻ ዳኛው ተኩሶ ሲጥለው ከሕልም ይነቃል። ሁሉም ነገር በአደንዛዥ ዕፅና በጆሮ ማዳመጫ የተሠራ የቁጥር 2 ሙከራ ነበር። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች የካርቶን ምስሎች ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ሲቢኤስ ድራማውን እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያሳይ ይህን ክፍል ዘለለው። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዱ በአደንዛዥ ዕፁ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ወጣቱ በግዳጅ ወደ ቬትናም በሚዘምትበት ዓመት መሣሪያ አላነሳም የሚል ጀግና ማሳየት አልተፈለገም ይላል።

ይህ የሩቅ አገር ድራማ ከአዳማ ቡና ቤቶች ወሬ ብዙም አይርቅም። እዚያም አንድ ባለሥልጣን በተነሣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ለምን ለቀቀ? ማን አስለቀቀው?

የካቲት 2010ን ማስታወስ ይበቃል። በወሩ መጀመሪያ በኦሮሚያ ከተሞች የሦስት ቀን አድማ ተጠራ። ሱቅ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በታኅሣሥ 2008 የታሰሩት የአዳማው ነዋሪ አቶ በቀለ ገርባ ይፈቱ የሚል ነበር። የካቲት 6 ተፈቱ፤ አዳማም ወጥታ ተቀበለቻቸው። የካቲት 8 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

አቶ ኃይለማርያም የመፍትሔው አካል ለመሆን እንደሚለቁ ተናግረው ነበር። ብዙ ሰው ግን ይህን ሰምቶ አላለፈውም፤ ከጀርባው ሌላ ነገር ፈለገ። በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አይቶ አያውቅማ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 በአውሮፕላን ወጡ። አቶ መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 በሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ። በገዛ እግሩ ከቤተ መንግሥት የወጣ መሪ ያላየ ሕዝብ፣ የመጀመሪያውን ሲያይ ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

አቶ ለማ መገርሳ ሌላው ምሳሌ ናቸው። በኅዳር 2012 በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ የኢሕአዴግን ውህደት እንደማይደግፉ ተናገሩ። በነሐሴ 2012 ከመከላከያ ሚኒስትርነት ተነሡ። ከዚያ ወዲህ በአደባባይ ብዙም አልተናገሩም። ዝምታቸውን ግን ማንም አልተወላቸውም። ለአንዱ ወገን ፍርሃት ነው፣ ለሌላው ሴራ፣ ለሦስተኛው ጊዜ መጠበቅ። ዝም ያለ ሰው ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ክርክር ይነሣል። ሥልጣን የሕዝብ አደራ ስለሆነ የለቀቀ ሰው ማስረዳት የለበትም ወይ? አለበት። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። ወንበሩ ላይ ሳለህ ምን ሠራህ የሚለው የሕግ ጥያቄ ነው፤ ኦዲተር፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ያለው ለዚህ ነው። ለምን ወጣህ የሚለው ግን የመንደሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው በማይጠየቅበት አገር ሁለተኛው ይበዛል። ሰውየው ስለሠራው ሳይጠየቅ ስለ መውጣቱ ይመረመራል። ይህን የሚያይ ሌላ ባለሥልጣንም አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ አለመውጣት ይሻላል።

የሚገርመው፣ ለዚህ ችግር የተሻለ መልስ ከአዳማ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በዱከም አካባቢ ኦዳ ነቤ አለ፤ የቱለማ ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በ8 ዓመት ይገድባል። ቦኩውን የሚያስረክብ አባ ገዳ ለምን ለቀቅህ አይባልም፤ ጊዜው ደርሷል፣ በቃ። ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ የገዳ ሥልጣን የወንዶች ሆኖ ኖሯል። ቢሆንም መውጫውን ከመግቢያው ጋር አብሮ ሠርቷል። ዘመናዊው መንግሥት ያልሠራው ይህንን ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ የፕሬዝዳንቱን ዘመን በሁለት ጊዜ ሲገድብ፣ ዋናውን ሥልጣን የያዘውን ጠቅላይ ሚኒስትር ግን አይገድብም።

ከአዳማ በስተምሥራቅ መተሐራ አካባቢ ያለችው ፈንታሌ ደግሞ መራራውን ታሪክ ትይዛለች። በኅዳር 2014 የከረዩ ሚችሌ ገዳ 14 አባላት ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አጣርቶ የገደሏቸው የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መሆናቸውን አስታውቋል። ሥልጣንን ያለ ደም የማስረከብ ባህል ያላቸው ሰዎች የሞቱት እንዲህ ነው። ሃርመኒ ባጁን ብቻ መቀበል አልበቃትም እንደነበረው፣ ይህም ዘመን ከበትር ይልቅ ጠመንጃን ያምናል።

አሁን ወደ ፊልሙ መጨረሻ እንመለስ። ቁጥር 6 ከሕልሙ ነቅቷል፤ መልሱን አልሰጠም። በሙከራው የሴቲቱንና የገዳዩን ሚና የተጫወቱት ሁለቱ የመንደሩ ሠራተኞች ግን ከሚናቸው መውጣት አቃታቸው። ወደ ባዶው መጠጥ ቤት ተመለሱ። ገዳይ የሆነው ሴቲቱን አንቆ ገደለ፤ ራሱም ከፎቅ ዘሎ ሞተ። ቁጥር 2 የፈለገውን ሳያገኝ የገዛ ሰዎቹን አጣ።

መውጫ በሌለው ቤት የሚታሰረው እስረኛው ብቻ አይደለም። ቁልፉን የያዙትም መቼ እንደሚያስረክቡት አያውቁም።