የሶር መንገድ፣ የቡናው ሥርና የመዝናኛ መኪና

በኢሉ አባ ቦር ዞን ወደሚገኘው የሶር ፏፏቴ የሚሄድ እንግዳ የመንገዱን የመጨረሻ ክፍል በጫካ ውስጥ በእግሩ ነው የሚጓዘው። ይህ ለጫካውም ለአርሶ አደሩም በጎ ነው። ጥያቄው ያለው ከዚያ በፊት፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በቀበሌ መንገድና በቡና ማሳ ዳር በሚያልፈው ጉዞ ላይ ነው።

በእረፍት ቀን ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ ይዞ ጭቃና ዳገት መፈተን ለአንዳንድ ከተሜዎች መዝናኛ ሆኗል። ኢሉባቦር ለዚህ የተመቸ ይመስላል፤ ጫካ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ዝናቡም ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ቀይ አፈር ውኃ ሲጠግብ ይላላል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሲያልፍበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ውኃ የሚሰርግበት ቀዳዳም ይደፈናል። ዱካው ቁልቁል ከወረደ በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናል። ተከታዩ አሽከርካሪ ቦዩን ሽሽት በጎን ስለሚያልፍ መንገዱ ወደ ማሳው ይሰፋል። ቦዩ በጊዜ ካልተደፈነ ደግሞ ቦረቦር ይሆናል። ቡና ምግቡን የሚስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ያሉት በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ጎማ የሚጨፈልቀውም ጎርፍ የሚጠርገውም ይህንኑ ነው። ቡናን የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በግንድና በሥር ቁስል በኩል ስለሚገባ በመኪና የተላጠ ግንድ በር ይከፍትለታል። በሕዝብ ንቅናቄ የተሠራ እርከንም አንድ ቦታ ላይ ከተናደ የያዘውን ውኃ ሁሉ በዚያው ይለቀዋል።

በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ 167 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። በመሃሉ ያለው ጥብቅ ክልል የዱር ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልበት በመሆኑ የመዝናኛ መኪና እዚያ የሚገባበት ምክንያት የለም። አርሶ አደሩ በሚኖርበትና በሚያርስበት የውጭው ክልል ግን ነገሩ መነጋገርን ይፈልጋል። እንግዳ ማር ይገዛል፣ መንገድ መሪ ይቀጥራል፣ ከተማ ገብቶ ያድራል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሕዝብ ነው ማለት ግን ሁሉም በፈለገው በኩል ይንዳበት ማለት አይደለም። የገጠር መሬት ሕግ ባለይዞታውን አርሶ አደር መሬቱን እንዲንከባከብ ያስገድደዋል፤ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ የሚመለሰው አሽከርካሪ ግን ትቶት ለሄደው ቦይ ማን ይጠይቀዋል? የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንግዳ ይጠራል፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት አፈር ይጠብቃል፤ መኪናው በሁለቱ መካከል ያልፋል።

ጥያቄው የኢሉባቦር ብቻ አይደለም። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የመንግሥት መሬት አስተዳዳሪዎች ለእነዚህ መኪኖች የተፈቀደውንና የተከለከለውን ቦታ እንዲለዩ አድርጋለች። አይስላንድ ደግሞ ከመንገድ ውጭ መንዳትን በሕግ ከልክላለች።

ለወረዳዎች ይህን መለየት ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የእርሻ ቀን መቁጠሪያን መመልከት ይበቃል። ጠጠር ያልለበሰ መንገድ በዝናቡ ወራት ለመዝናኛ መኪና መዘጋት አለበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መሬቱ እየጠነከረ ቢሄድም ወቅቱ የቡና ለቀማና ማድረቂያ ነው፤ አቧራ በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ጥራት ያበላሻል። የሚቀሩት ጥርና የካቲት ናቸው። ያኔም ቢሆን መኪና የሚቆምበት ቦታ ታውቆ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር መሄድ ይሻላል።

የመንግሥትና የፕሮጀክት መኪኖችም በዚሁ መንገድ ይመላለሳሉ። ደንቡ እንግዳውን ብቻ የሚይዝ ከሆነ አርሶ አደሩ አያምነውም። ከጎብኚ ከሚሰበሰበው ክፍያም ለቦይ መድፈኛ የሚሆን ድርሻ መንገዱ ለሚያልፍበት ቀበሌ መድረስ ይኖርበታል። የትኛው መንገድ ይዘጋ፣ መኪናስ የት ይቁም የሚለውን ወረዳዎቹና ቀበሌዎቹ የመጋቢት ዝናብ ሳይጀምር ቢወስኑ፣ ክረምቱን ቦይ ሲደፍን የሚከርም አርሶ አደር ይቀንሳል።