ድምሩን ሳትፈትሹ ማዘዣ አትቀይሩ



ሜታ አናሊሲስን፣ ማለትም የብዙ ጥናቶችን ድምር ውጤት፣ እንደ መጨረሻ ፍርድ የመቀበል ልማድ በእኛ በሐኪሞች መካከል ሥር እየሰደደ ነው። ወጣቱ ሐኪም በጠዋቱ ስብሰባ ላይ መደምደሚያውን ብቻ ያነባል፤ እኛ ሽማግሌዎቹም አንዲት ጥያቄ ሳናነሳ ማዘዣ እንቀይራለን። በዚህ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነውና ዝም ልል አልችልም።

በ1995 እ.ኤ.አ. ፉርበርግና ባልደረቦቹ 16 ጥናቶችን፣ 8350 ሕሙማንን ደምረው ኒፌዲፒን የተባለው ካልሲየም ቻናል ብሎከር በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ከሞት ጋር እንደሚያያዝ ጻፉ። ማስጠንቀቂያቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከተደመሩት ብዙዎቹ የልብ ጡንቻቸው ገና የተጎዳ ወይም አንጃይናቸው (ከልብ የሚመጣ የደረት ሕመማቸው) ያልተረጋጋ ነበሩ፤ መድኃኒቱም ፈጥኖ የሚሠራው ዓይነት ነበር። ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘው፣ አረፍ ሲል የሚለቀው፣ ማለትም የተረጋጋ አንጃይና ያለበት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። አክሽን የተባለው ጥናት የተረጋጋ አንጃይና ካለባቸው 7665 ሕሙማን ለግማሽ ያህሉ ቀስ ብሎ የሚሠራውን ኒፌዲፒን፣ ለቀሩት ማስመሰያ መድኃኒት ሰጥቶ ለዓመታት ተከታተለ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲታተም መድኃኒቱ ሞትን አልጨመረም። አልቀነሰምም።

ሃይደንራይክና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. የተረጋጋ አንጃይና መድኃኒቶችን ያወዳደሩበትን ሜታ አናሊሲስም በጥሞና እዩት። ከ143 ጥናቶች መስፈርቱን ያሟሉት 90 ናቸው። ቤታ ብሎከር ከካልሲየም ቻናል ብሎከር ይልቅ የደረት ሕመሙን በሳምንት በ0.31 ጊዜ ቀነሰ፤ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው። የግምቱ የታች ወሰን ደግሞ ዜሮ ላይ ያርፋል! በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ቤታ ብሎከር ያቋረጡት ማነሳቸው ለእኔ ከዚህ ይበልጣል። በሞት ረገድ ልዩነት አልታየም፤ ይህን ግን «እኩል ናቸው» ብላችሁ አታንብቡት። ብዙዎቹ ጥናቶች ትንንሾችና አጫጭር ስለነበሩ የሞተው ሰው ጥቂት ነው፤ ከጥቂት ሞት ደግሞ ፍርድ አይወጣም።

ሕመም ማስታገስና ዕድሜ ማራዘምም አንድ አይደሉም። ኢቫብራዲን የልብ ምትን ያዘገያል፣ አንጃይናንም ያስታግሳል። ሆኖም በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው፣ ኢቫብራዲንን በፈተነው ሲግኒፋይ ጥናት፣ አንጃይናው ከዕለት ሥራው ባገደው ሕመምተኛ ላይ በልብ ሕመም መሞትና የልብ ጡንቻ ጉዳት ተደምረው ጨመሩ።

ስለዚህ ወጣቶቹ የተደመረ ውጤት ይዘው ሲቀርቡ አትለፏቸው። የተደመሩት ሕሙማን እነማን ነበሩ? መድኃኒቱ በምን መልክ፣ በምን መጠን ተሰጠ? ስንት ሳምንት ተከታተሏቸው? የተቆጠረው የሕመሙ ብዛት ነው ወይስ ሞት? መልስ ከሌላቸው ወረቀቱን ይዘው ይመለሱ፤ የሕመምተኛው ማዘዣ እስከዚያው ባለበት ይቆይ።