ኑዛዜ በጤንነት ጊዜና በጽሑፍ ይሁን

ሰው ሞት እንደማይቀርለት ያውቃል፤ ነገር ግን እርሱ ካለፈ በኋላ ቤቱ ምን እንደሚሆን ማሰብን ወደ ነገ ያሳልፈዋል። እህሉን ከነቀዝ፤ ከብቱን ከአውሬ ለመጠበቅ ሌሊት የሚነሣው አባት፤ ያው እህልና ከብት ለማን እንደሚደርስ የምትገልጥ አንዲት ወረቀት ሳይተው ይሞታል። ከዚህም የተነሣ ሐዘኑን በአንድ ድንኳን የተቀመጡት ልጆቹ ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው በዳኛ ፊት ይቆማሉ።

ይህ በአገሩ ሁሉ የሚታይ ነው፤ ይልቁንም በይፋት ቆላ ሊታሰብበት ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት፤ በሮቢ ወንዝ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማባት፤ ማሽላና ማሾ የሚዘራባት፤ ነጋዴና መንገደኛ የማይለያት ከተማ ናት። በአካባቢዋ አማራው፤ አርጎባው፤ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ ይገናኛሉ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና ይኖራሉ። አንዱ የሌላውን መሬት በእኩል ያርሳል፤ ነጋዴ ለሽንኩርት ቀብድ ይሰጣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይበደራል። አብዛኛው በቃልና በመተማመን ይፈጸማል። መተማመን መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተማመኑት ሁለቱ አንደኛው ሲሞት፤ መተማመኑም ከእርሱ ጋራ ይቀበራል።

በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንደኛው ኃጢአትን ለንስሐ አባት መናገር፤ ሁለተኛው ስለ ሀብት የመጨረሻን ፈቃድ መግለጥ ነው። ሁለቱም በአንድ የሕመም አልጋ አጠገብ ይፈጸሙ ስለ ነበር ስማቸው አንድ መሆኑ አያስደንቅም። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው፤ በ51 አንቀጽ የተከፈለው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ደንግጓል። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ስለ ሀብት ለሚደረገው ኑዛዜ የራሱን ሥርዐት አቁሟል። ይህን ሥርዐት ያልጠበቀ ኑዛዜ፤ የሟቹ ፈቃድ ምንም እንኳ እውነተኛ ቢሆን፤ በዳኛ ፊት አይጸናም።

ሕጉ ሦስት ዐይነት ኑዛዜ ያውቃል። ሕዝቡ አዘውትሮ የሚታመንበት በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ከሦስቱ ይልቅ ደካማው ነው። ሞቱ መቅረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች ሊናገረው ይችላል፤ ሆኖም ስለ ቀብሩ ሥርዐት፤ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆቹ አሳዳጊነት፤ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ካልሆነ በቀር ሌላ ነገር ሊወስንበት አይችልም። ይህ ገንዘብ ዛሬ አንዲት ፍየል አይገዛም። ተናዛዡ ድኖ ከሦስት ወር በላይ ቢኖር ደግሞ ኑዛዜው ይፈርሳል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ሽማግሎችን ሰብስቦ ቤቱን ለሴት ልጁ፤ በሬዎቹን ለታናሽ ወንድሟ መናዘዙን ሰፈሩ ሁሉ ቢመሰክርም፤ ዳኛው ሊያጸናላቸው አይችልም።

በተናዛዡ በራሱ እጅ ሁሉ የተጻፈው ኑዛዜ ይጸናል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። ከሁሉ የሚሻለው በግልጽ የሚደረገው ነው። ይህም ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ ይገለጣል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበታል ወይም የጣት ምልክት ያደርጉበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ምስክሮቹም ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁ መሆን ይገባቸዋል፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ በሚነገርበት በይፋት ይህን መዘንጋት ኑዛዜን ማፍረስ ነው።

ኑዛዜ በሌለ ጊዜ ልጆች ሁሉ፤ ሴትም ወንድም ሳይለይ፤ እኩል ይወርሳሉ። ሚስት ግን ከጋራው ሀብት እኩሌታዋን ትወስዳለች እንጂ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከባልዋ ድርሻ ወራሽ አላደረጋትም። ሊጨምርላት የሚወድ ባል መጻፍ አለበት። ልጁን ከውርስ ሊነቅል የሚፈልግም ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጥ አለበት። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ የይዞታው መብት ግን በራሱ ሕግ መሠረት ይወረሳልና፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ከኑዛዜው ጋራ ሊታሰብ ይገባል።

ዕዳም እንደዚሁ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፤ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም። የሞተ ሰው ደግሞ አያምንም፤ አይምልምም። ስለዚህ ያለበትን ዕዳ በኑዛዜው የሚዘረዝር ሰው የባልንጀራውን ገንዘብና የራሱን ስም ያድናል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ባለጉዳዮች ከፈቀዱ የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ መንገድ ስለሚሰጥ፤ ሙስሊሙ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በዚያም ኑዛዜ ከሀብት ሲሶ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ዕዳን በጽሑፍ ማኖርም በቁርኣን የታዘዘ ነው። እንግዲህ በሁለቱም ወገን ጽሑፍን የሚነቅፍ የለም።

ይህን ለሕዝቡ የማስረዳት ሥራ በመጀመሪያ የካህናቱና የሹማምንቱ ነው፤ በሕመም ጊዜ የሚጠራው ካህኑ፤ በጠብ ጊዜ የሚጠራውም ሹሙ ነውና። የንስሐ አባት ልጁን ገና በጤናው ሳለ «ጽፈሃልን?» ብሎ ይጠይቀው። ለራሱ ግን ስጦታ ከመቀበል ይጠንቀቅ፤ ከሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ሟቹን በመንፈሳዊ ምክር ለረዳ ሰው የተናዘዘለትን ዳኞች ሊቀንሱት ወይም ሊያፈርሱት ይችላሉና። የቀበሌውና የወረዳው ሹምም ማንበብ የማይችለውን ድኻ ያለ መጉላላት ያስተናግደው፤ አራቱ ምስክሮች ሲፈርሙ ጽሑፉ በፊታቸው መነበቡን ይመልከት።

ለልጆች ከሚቀረው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ሰላማቸው ነው። አባት በጤናው ሳለ በአንድ ቀንና በአንድ ወረቀት ሊያቆምላቸው ሲችል፤ ይህን ቸል ማለት አይገባውም።