ርዕሰ አንቀጽ፦ መኪናችን ትጠገን ወይስ ትሸጥ?



ድንኳኑንና ወንበሩን የምታመላልሰው መኪናችን በሰሞኑ በረዶ ጣሪያዋና ኮፈኗ መጎድጎዱን አይታችኋል። ሞተሯ ደኅና ነው። የገባንላት የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት ነው እንጂ ለራሳችን ቆርቆሮ አይከፍልም። እንግዲህ ከሣጥናችን ነው።

«ትሸጥ» የሚሉ አሉ። ደላላ እንደሆነ ጉድጓዱን እየቆጠረ ነው ዋጋ የሚጥለው! ከዚያስ፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን በሸክም ልናደርገው ነው? በበኩሌ፣ ቀለሟ የተላጠበት ቦታ ዝገት ሳይገባበት ባትላሜራ ጋ ይሠራ፣ ቀለሙ ያልተነካው ጉድጓድ ግን ይቆይ እላለሁ። ለቀብር የወጣ ሰው የመኪና ጣሪያ አያይም። እሑድ ከስብሰባው በፊት ዞር ዞር ብላችሁ እዩዋትና እጃችሁን አውጡ።

የእድሩ ጸሐፊ