ርካሹ ምድጃ ስንት ያስወጣል?

ማለዳ መርካቶ ምናለሽ ተራ ለገባ ሰው የመጀመሪያው አቀባበል የመዶሻ ድምፅ ነው። አሮጌ በርሜል ይተረተራል፣ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያም ባልዲው፣ መጥበሻው፣ የከሰል ምድጃው እየተደረደረ ገዢውን ይጠብቃል። ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ከድርድሩ ፊት ቆማ ሸክላ የለበሰውን ምድጃ ታመለክታለች።

«ይኼ ስንት ነው ልጄ?»

«ላቀች ነው እናቴ፣ ኦሪጅናል ነው።» ዋጋውን ይነግራታል።

«ያኛውስ? ባዶው?»

የባዶው ቆርቆሮ ዋጋ ከግማሽ ያነሰ ነው። እናት ትንሽ ታስባለች፣ ትከራከራለች፣ ጥቂት ብር ታስቀንሳለች፣ በመጨረሻም ባዶውን ቆርቆሮ በጋዜጣ አስጠቅልላ ትሄዳለች። ሻጩም ገዢዋም ደስ ብሏቸዋል። በኢኮኖሚክስ መማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ሁለት ወገኖች በፈቃዳቸው ተገበያይተዋል፣ ሁለቱም ተጠቅመዋል።

ለመሆኑ ሁለቱም ተጠቅመዋል? የዚህ ጽሑፍ ክርክር «አልተጠቀሙም» የሚል ነው። እናት ያገኘችው ርካሽ ዋጋ በየሳምንቱ ከመቀነቷ የሚቆረጥ ዕዳ ነው። ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም፤ የገበያው አደረጃጀት ነው።

ዋጋው ያለው ከሰሉ ላይ ነው

ሸክላ የለበሰው የከሰል ምድጃ «ላቀች» የሚል ስም ይዞ አዲስ አበባ ገበያ የገባው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በወቅቱ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደ የማገዶ ቁጠባ ፕሮጀክት አማካይነት፣ ኬንያ ውስጥ «ጂኮ» የሚባለውን የሸክላ ምድጃ መነሻ አድርጎ ለአገራችን ማብሰያ ዕቃ እንዲስማማ የተሠራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ብረት ሙቀትን ከሸክላ በብዙ አሥር እጥፍ ያሳልፋል። ባዶው ቆርቆሮ ምድጃ ላይ የተጫረው ከሰል ድስቱን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን፣ ወለሉንና የባለቤቲቱን እግር ያሞቃል። የሸክላው ገበር ግን ሙቀቱን ይዞ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። በደንብ የተሠራ ላቀች ከባዶው ቆርቆሮ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ የሚጠጋ ከሰል እንደሚቆጥብ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል።

ሩብ ማለት በብር ስንት ነው? ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ ባዶው ምድጃ 300 ብር፣ ደህናው ላቀች 700 ብር ነው እንበል። ቤተሰቡ በሳምንት የ250 ብር ከሰል ይፈጃል እንበል። የከሰሉ ሩብ 62 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በሁለቱ ምድጃዎች መካከል ያለው የ400 ብር ልዩነት ሰባት ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳል። ዓመት ሲሞላ የተቆጠበው ከሰል 3,250 ብር ይሆናል፤ ልዩነቱ ሲቀነስ 2,850 ብር የተጣራ ትርፍ ነው። በ400 ብር መነሻ በዓመት 2,850 ብር የሚያስገኝ የባንክ ተቀማጭም የአክሲዮን ድርሻም የለም። አንባቢ በራሱ ሰፈር ዋጋ ቁጥሮቹን ይለውጣቸው፤ ከሰል በተወደደ ቁጥር ልዩነቱ ቶሎ ይመለሳል እንጂ መደምደሚያው አይገለበጥም።

ከሰል ደግሞ የመርከስ አዝማሚያ የለውም። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው የግራር ከሰልም ሆነ ከአዊ ዞን የሚጫነው የዲከረንስ ከሰል የመኪና ጭነት፣ የኬላ፣ የደላላና የቸርቻሪ ወጪ ተደራርቦበት ነው ከሸማቹ ደጅ የሚደርሰው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሻል፣ እንጨቱ ይርሳል፣ ዋጋው ይወጣል። በጆንያ መግዛት የማይችለው ደግሞ በፌስታልና በጣሳ እየገዛ ለአንድ ኪሎ ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል። «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍም በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። መብራት በጠፋ ማታና ጀበና በሚጣድበት ሰዓት ከሰሉ ከብዙ ቤት ገና አልወጣም።

መጥፎው ጥሩውን ሲያባርር

እንግዲህ ስሌቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ እናት ለምን ባዶውን ገዛች? «አላወቀችም» ብሎ መመለስ ይቀላል። ከሰል ስንት ቀን እንደሚቆይ ግን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የማታውቀው ሌላ ነገር ነው፤ ፊቷ የተደረደረው ሸክላ የለበሰ ምድጃ በእርግጥ ደህናው መሆኑን።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ጥናት በ2001 የኖቤል ሽልማት ካሰጡት ሥራዎቹ ዋነኛው ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለሁሉም መኪና የመካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ የደህና መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ የመጥፎው ባለቤት ግን በደስታ ይሸጣል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው።

የምድጃው ገበያ በሽታም ይኸው ነው። የሸክላው ጥራት የሚወሰነው በአፈሩ ምርጫ፣ በውፍረቱ እኩልነት፣ ከሁሉም በላይ በአተኳኮሱ ነው። በሚገባ ያልተተኮሰ ሸክላ አዲስ ሆኖ ሲታይ ከደህናው እምብዛም አይለይም፤ ጉዱ የሚታወቀው እሳት ሲበላው ነው። ለመተኮስ ማገዶ ያስፈልጋል፣ ማገዶ ደግሞ ገንዘብ ነው። ጅምላ ገዢው ለሁሉም አንድ ዋጋ ከሰጠ፣ አምራቹ የሚቆጥበው ከማገዶውና ከገበሩ ውፍረት ነው። በደንብ ተኩሳ የምታቀርብ ሸክላ ሠሪ ድካሟ አይከፈላትም፤ ወይ እሷም ታሳንሳለች፣ ወይ ሥራውን ትታ ወደ ጀበናና ወደ ድስት ትመለሳለች።

ከላይ ባለው ስሌት አስመስሎ የተሠራውን እናስገባው። 550 ብር ይሸጣል፣ በአራተኛው ሳምንት ገበሩ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል እንበል። እስከዚያ ድረስ የቆጠበው ከሰል 250 ብር ነው፤ በባዶው ላይ የተጨመረውም ዋጋ 250 ብር። ገዢዋ ያተረፈችው ምንም የለም፤ በእጇ የቀረው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ትልቁ ኪሳራ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ለጎረቤቷ «ሸክላ ያለው አይረባም» ትላለች። ጎረቤቷ ለእህቷ ትነግራለች። ባዶውን ቆርቆሮ ጠቅልላ የሄደችው እናት ምናልባት ይህን ወሬ ሰምታ ይሆናል። ከሆነ ውሳኔዋ የድንቁርና አይደለም፤ በማይታመን ገበያ ውስጥ የተደረገ ብልህ ውሳኔ ነው።

ከኬንያ የሚገኝ ትምህርት

ኬንያ በዚህ ጉዳይ ታላቅ እህታችን ናት። የሸክላው ጂኮ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 15 ዶላር ገደማ ነበር፤ ገዢ አልነበረውም። በኋላ በየመንገዱ ዳር የሚሠሩ ብረት ቀጥቃጮች ሙያውን ሲወርሱትና ፉክክሩ ሲበረታ ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ፣ በከተማ ቤቶችም ተስፋፋ። ፉክክር ዋጋን ያወርዳል የሚለው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው የኬንያ ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። ሱዛና በርካወርና ጆሽዋ ዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ናይሮቢ ውስጥ በ40 ዶላር የሚሸጥ ዘመናዊ የከሰል ምድጃ ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል። ምድጃው የቤተሰቡን የከሰል ወጪ በ39 ከመቶ ቀንሷል፤ በሁለት ዓመት ዕድሜው 237 ዶላር ያህል ያድናል። ሆኖም ሰዎቹ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆኑት በአማካይ 12 ዶላር ብቻ ነበር። በብድር ይወሰድ ሲባል ግን የሚከፍሉት በእጥፍ አደገ። በአንጻሩ ስለሚቆጠበው ገንዘብ በደንብ እንዲያስቡ ማድረግ የጨመረው ነገር አልነበረም።

ይህ ውጤት ለነጋዴ ትልቅ ወሬ ነው። የቸገረው ዕውቀት ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ዕለቱን ለዕለቱ የሚያድር ሰው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየከፈለ ብዙ ያወጣል፤ አንዴ ትልቅ ከፍሎ ትንሽ ማውጣት አይችልም። ድህነት ራሱ ውድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

የሚሸጠው ዋስትናው ነው

በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ ይኸው ሸክላ የባለጸጋ ዕቃ ሆኗል። ጃፓኖች «ካማዶ» ከሚሉት ምድጃቸው የተቀዳ፣ ወፍራም ሴራሚክ ግድግዳና ክዳን ያለው የከሰል ሥጋ መጥበሻ በአሜሪካ ትልልቆቹ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጣሉ። በዚህ ዕቃ ስሙ የገነነው «ቢግ ግሪን ኤግ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 አትላንታ ከተማ ውስጥ የተቋቋመ ነው። አትላንታ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ በመሆኗ በጓሮ ጥብስ ላይ ይህን ዕንቁላል መሰል አረንጓዴ ዕቃ ያየ አይጠፋም።

የሥራው መሠረት ያው ነው፤ ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ ጥቂት ከሰል ረጅም ሰዓት ያገለግላል። ልዩነቱ አሻሻጡ ላይ ነው። ድርጅቱ ሴራሚኩን የሚሸጠው ከተፈቀደለት ነጋዴ ለገዛ የመጀመሪያ ባለቤት የዕድሜ ልክ ዋስትና ሰጥቶ ነው። እዚያ ጥሩ ዋጋ የሚፈልግ ገዢ የበጋው ወራት አልፎ ነጋዴው መጋዘኑን የሚያራግፍበትን ጊዜ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ርካሽ አገኘሁ ብሎ ዋስትናውን ከማይሸፍን እጅ ቢገዛ የተሰነጠቀ ዕለት የቆጠበውን መልሶ ይከፍላል። ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለእምነትም ዋጋ አለው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮች ከነጋዴው አቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ ማኅተም። ሸክላው ሳይተኮስ ገና እርጥብ ሳለ የሠሪዋ ምልክት ቢታተምበት ወጪው ከምንም የሚቆጠር አይደለም። የተሰነጠቀው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ያልተሰነጠቀውም እንዲሁ። ጅምላ ገዢው ለታወቀው ምልክት ጥቂት ብር ጨምሮ ቢከፍል፣ ደህና መተኮስ አትራፊ ሥራ ይሆናል። የመንግሥት ደረጃ አውጪ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ዋስትና። «በሦስት ወር ውስጥ ገበሩ ከተሰነጠቀ ይለወጣል» የሚል አንድ መስመር በደረሰኙ ላይ ቢጻፍ፣ ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ይሸጣል። መጥፎ ዕቃ የያዘ ነጋዴ ይህን ቃል መስጠት አይደፍርም፤ ስለዚህ ቃሉ ራሱ ደህናውን ከመጥፎው ይለያል።

ሦስተኛ፣ ክፍያውን መከፋፈል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚቀርበው የከሰል ቸርቻሪው ይመስላል፤ ነገር ግን ምድጃው በተሻለ ቁጥር የእሱ ሽያጭ ይቀንሳልና ልቡን አይሰጥበትም። የሚሻለው የዕቃ ቤት ነጋዴው ከሰፈር እቁብና እድር ጋር ቢስማማ ነው። 30 አባላት ያሉት እቁብ አንድ ዙር ለምድጃ ቢያውል፣ ነጋዴው 30 ዕቃ በአንድ ቀን ይሸጣል፣ አባላቱም በጅምላ ዋጋ ይገዛሉ። ዕዳው የሚከፈለው ከተቆጠበው ከሰል ነው።

ለባለሀብቱም የሚነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ላሜራ ሁሉ ዶላሩን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። የሸክላው አፈር፣ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ እጅና የመተኮሻው ማገዶ ግን ዶላር አይጠይቁም። በቆርቆሮው ላይ ጨምሮ ዋጋ የሚሰጠው ክፍል ሙሉ በሙሉ የአገር ውስጥ ነው። የተሻለ ምድጃ መተኮሻ ይዞ ሸክላ ሠሪዎቹን የሚያደራጅ ገንዘብ ማንንም ሳይለማመጥ ገበያ ያገኛል።

ለገዢው ደግሞ እስከዚያው ድረስ የሚሆን ምክር አጭር ነው። ሸክላውን በጣት ያንኳኩ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ተተኩሷል፣ ከታፈነ አልተተኮሰም ወይም ተሰንጥቋል። ገበሩና ቆርቆሮው መካከል ክፍተት እንዳይኖር፣ የአመዱ በር በደንብ እንዲዘጋ፣ ድስት ሲቀመጥ እንዳይወላገድ ይዩ። የገዙትንም ቢሆን በር በተዘጋ ቤት ውስጥ አያንድዱ፤ የከሰል ጭስ የደህናውንም ምድጃ ባለቤት አይምርም።

መጥኖ መደቆስ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው ይላል የአገራችን ሰው። ምናለሽ ተራ ላይ ባዶውን ቆርቆሮ ጠቅልላ የሄደችው እናት መመጠኑን አታጣውም፤ ያጣችው የሚታመን ሚዛን ነው። ሚዛኑን ቀድሞ ያቀረበላት ነጋዴ ደንበኛው ያደርጋታል። ካላቀረበላት ደግሞ ርካሹን ምድጃ ትገዛለች፣ ዋጋውንም በየሳምንቱ በፌስታል እየቋጠረች ትከፍላለች።