ምረቃ ያለው፣ ማስኬጃ የሌለው ባቡር

ይድረስ፦ ለከተማ ባቡር ገንዘብ ለሚያፈላልጉ፣ ለሚበደሩና ለሚበጅቱ የመንግሥት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ለግንባታ ተፈልጎ ለጥገና ስለሚረሳው ገንዘብ

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከአያት የሚመጣው ባቡር መገናኛ ሲደርስ በሩ ይከፈታል እንጂ ሰው አይገባበትም። በሩ ሥር የቆመው ተሳፋሪ ሆዱን ሰብስቦ ለአንድ ሰው ቦታ ሊያበጅ ይሞክራል። «ወደ መሀል ጠጋ ጠጋ በሉ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መሀል ግን መጠጊያ የለም። በሩ ሁለት ሦስቴ ታግሎ ሲዘጋ፣ ውጭ የቀረው ሰዓቱን አይቶ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሮጣል። የሰልፉም ጭራ አይታይም።

የሚያናድደው ከተማዋ ባቡር ሳይገዛላት ቀርቶ አለመሆኑ ነው። 41 ተገዝተውላታል። የሚበዙት ግን ለዓመታት ዲፖ ውስጥ መለዋወጫ ሲጠብቁ ኖረዋል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። 85 በመቶው ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ የቀረውን መንግሥት ሸፈነ። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚደርሰው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውም ሁለት ወር ሳይሞላ ተከተለው። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድና 39 ጣቢያ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ! ይህን የሠሩ ሰዎች ምስጋና አይነፈጋቸውም።

ነገሩ የተበላሸው ከምረቃው ማግስት ነው። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ተተመነ። ለቀን ሠራተኛውና ለተማሪው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ማንም በዚህ አይከራከርም። ባቡሩ የሚጠገንበት ዕቃ ግን የሚመጣው ከውጭ፣ የሚከፈልበትም በዶላር ነው። በ2008 መጀመሪያ 6 ብር በባንክ ምንዛሪ 28 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያው 6 ብር ወርዶ ዛሬ 6 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በዚህ ገቢ መለዋወጫ እገዛለሁ ማለት በስሙኒ በሬ ልግዛ እንደማለት ነው።

መክሰሩ ራሱ ነውር የለበትም። በትኬት ገቢ ብቻ ወጪውን የሚሸፍን የከተማ ባቡር በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው፤ አንበሳ አውቶቡስም ቢሆን ሲሄድ የኖረው በድጎማ ነው። ነውሩ፣ ገና ከውጥኑ የሚታወቅ ጉድለት በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ መታየቱ ነው። የካፒታል በጀት የመሠረት ድንጋይ አለው፣ ሪባን አለው፣ ካሜራ አለው። ጥገና ያለው ግሪስ የነካው የመካኒክ ቱታ ብቻ ነው።

ጉድለቱን ገና ከውሉ የሚያስቡ አገሮች አሉ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አበሻ ሁሉ የሚያውቀው ቁፋሮ አለ፤ ፐርፕል ላይን ይባላል። ከቤተዝዳ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ለዚህ ቀላል ባቡር የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በፈረንጆቹ 2017 የ900 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ፈርሟል። ግንባታውማ የሚያስቀና አይደለም፦ ሥራ ተቋራጩ በ2020 ጥሎ ወጣ፣ በ2022 ይከፈታል የተባለውም ዓመታት ተገፋ። የሚያስቀናው ውሉ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ሲፈረም ከግንባታው ጋር የ30 ዓመት ማስኬድንና ጥገናን አብሮ ይዟል። የፌዴራሉ መንግሥትም እንዲህ ላለ መስመር ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት «ማስኬጃውን የሚከፍለው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፓሪስ ደግሞ ከፈረንጆቹ 1971 ጀምሮ ለትራንስፖርት ብቻ የሚውል ክፍያ ከአሠሪዎች ትሰበስባለች።

ጥያቄው አዲስ አበባ ላይ አሁንም ትኩስ ነው። ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ የሚደርሰው የጅቡቲ መስመር ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ኤሌክትሪክም ተዘርግቶለታል። ሠራተኛን ጠዋት ማታ በዚህ ሐዲድ የማመላለስ ሐሳብ ዛሬ ባይሆን ነገ ጠረጴዛ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የብድር ሰነዱ ላይ አንድ ገጽ ይጨመር፦ ለ15 ዓመት የሚያስፈልገው መለዋወጫ ምን ያህል እንደሆነ፣ ዶላሩ ከየት እንደሚገኝ፣ ትኬቱ የማይሸፍነውንም በየዓመቱ ከመደበኛ በጀቱ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ማን እንደሆነ በስም ይጻፍበት። ገጹ ሳይሞላ ፊርማው ይቆይ።

አሞላሉን ለመለማመድ አዲስ ባቡር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቃሊቲና አያት ዲፖ ቆመው የሚጠብቁ አሉ።