ጣርማ በር ታንክ ያቆማል፤ ሰማዩንስ?

የሳይንስ ልብወለድ ታንክ መንገድ ቸግሮት አያውቅም። አሜሪካዊው ደራሲ ኪት ላውመር ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጻፋቸው የ«ቦሎ» ታሪኮች ታንኩ ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይወስናል፣ ብቻውን ግንባር ይይዛል። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ባለ አራት እግሩ ብረት ለበስ በረዷማ ሜዳ ላይ እየተንጎማለለ ምሽግ ይደረምሳል። «ጄኔራልስ» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያውቅ ወጣትም ባለ ሁለት አፈሙዙ «ኦቨርሎርድ» ሌላውን ተሽከርካሪ ደፍጥጦ ሲያልፍ ሳያይ አልቀረም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የነዳጅ ቦቴ ወደ ኋላ አይቀርም፤ ሰንሰለት አይበጠስም፤ ጭቃ የሚባል ነገር የለም። ከደብረ ሲና ተነስቶ ጠመዝማዛውን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ሹፌር ቢጠየቅ ግን የሚያወራው ስለ ፍሬን፣ ስለ ካምቢዮና ስለ ጉም ነው።

ስለ ወደፊቱ የጦር መሣሪያ ወሬው በበዛበት በዚህ ጊዜ የሰሜን ሸዋ ደጋ መነሳት ያለበት ለዚህ ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ገደላገደል ዘመናዊ ጦር የተፈተነበት አገር ነው። የፈተናው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው በግማሹ ነው።

ደስ የሚለው ግማሽ እንዲህ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያንቀሳቀሱት ጦር ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ ነበረው፤ ቀላል ታንክ፣ በሞተር የሚጎተት መድፍ፣ ከላይ ደግሞ አውሮፕላን። ፋሽስቶቹ «የብረት ፈቃድ ጉዞ» የሚል ስም አወጡለት። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ማይጨው ላይ ስለተፈታ በመንገዱ ላይ የሚገጥመው ትልቅ ኃይል አልነበረም። ያቆመው ከደብረ ሲና በላይ ያለው ዳገት፣ ጣርማ በር ነው። ስዊድናዊው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ያሠለጠኗቸው የሆለታ እጩ መኮንኖች በሩን ለመከላከል ሞክረው ነበር። ቁጥራቸው ለዚያ የሚበቃ ባይሆንም የዳገቱ መንገድ በፈንጂ ተቆርጦ ጠበቀው። የበልጉ ዝናብም አላዘነለትም። የጦር ዘጋቢዎችን አስከትሎ በሞተር ይገሰግስ የነበረው ሠራዊት ወርዶ አካፋና ዶማ ጨበጠ፤ ድንጋይ ሞላ፤ ካሚዮኑን በትከሻው ገፋ። በሩን አልፎ ደብረ ብርሃንን ከተሻገረ በኋላም ሚያዝያ 26 ቀን ጫጫ አጠገብ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ማሞ አድፍጠው ጠበቁት። በዚያ ግጭት ወደ 170 የሚጠጉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች እንደ ሞቱ ይጻፋል። በማግስቱ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገቡ።

ኢጣሊያኖቹ ከዚህ ዳገት ትምህርት ወስደዋል። በወረራው ዘመን ጣርማ በርን ሰርስረው 587 ሜትር የሚረዝም ዋሻ መንገድ አበጁለት። ከባድ መሣሪያ በዚህ አገር ደጋ ላይ ከተንቀሳቀሰ ወጪው ሁልጊዜም ከመሣሪያው ይልቅ መንገዱ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስም ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ሲያደርሱ ወራት የፈጀባቸው ጠረጋው ነበር።

የዚያን ዘመን ታንክ ጠጋ ብሎ ማየት ደግሞ ያስገርማል። ሲቪ 33 የሚባለው የኢጣሊያ ታንክ ሦስት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ከፍታው ከቁመተ መካከለኛ ሰው ደረት ብዙም አያልፍም። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጣብበው ይቀመጡበታል። ብረቱ በወፈረበት ቦታ እንኳ 14 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከሁሉ የከፋው የሚዞር ቱሬት የሌለው መሆኑ ነበር፤ መትረየሱ ከፊት ተተክሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጥቂት ብቻ ይላወሳል። ከኋላው የሚመጣውን ለመምታት ታንኩ ራሱ ዞሮ መቆም አለበት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጊና ላይ የራስ እምሩ ጦር ይህንኑ አወቀበት። ተከዜን ተሻግሮ የመጣው የጎጃም ጦር ታንኮቹን በጠባብ መተላለፊያ አስገብቶ ፊትና ኋላቸውን በቋጥኝ ዘጋ፤ ከጀርባ እየመጣ ሠፈረባቸው፤ አንዳንዶቹንም በእሳት አነደዳቸው። ጎራዴ የያዘ ሰው ታንክ ላይ ቆሞ ነጂውን «ውጣ!» ያለበት ቀን ነው፤ በየትኛውም የሳይንስ ልብወለድ ውስጥ ቢጻፍ አንባቢ «አበዛኸው» ይል ነበር።

ይህ ታሪክ መወደዱ አይገርምም። በ«ስታር ዋርስ»ም ያንን ግዙፍ ብረት የጣለው እግሩ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ነው። ችግሩ ታሪኩ እዚህ ላይ ሲያበቃ ነው። ሰሚው «አገራችን ተራራ ነው፤ ማንም ቢመጣ ጋራው ይበቃዋል» ብሎ ይነሳል።

መንዝ ውስጥ ዘረት የሚባል ቦታ አለ። ገደሉ ውስጥ ያለው ዋሻ አመፀኛ ዋሻ ይባላል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ልክ በትንሣኤ በዓል ሰሞን፣ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከቁስለኞች ጋር እዚያ ተጠልለው ነበር። ታንክ የማይወርድበት፣ እግረኛም በቀላሉ የማይደፍረው ምርጥ ምሽግ ነው፤ የአካባቢው ሰው ለዘመናት ሲሸሸግበት የኖረው ዓይነት። የኢጣሊያ ጦር ታንክ አላመጣም። የኬሚካል ክፍል አመጣ። አርሲን በተባለ መርዝ የተሞላ የመድፍ ጥይትና የሰናፍጭ ጋዝ ዋሻው አፍ ላይ ተጠቀመ። እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የጦሩን ሰነድ አግኝቶ ጉዳዩን ያወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በስፔናዊው አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል የሚመራ የአርኪዮሎጂ ቡድን ዋሻው ውስጥ ገብቶ የሸሹት ሰዎች የቤት ዕቃ ቅሪትና የጥይት ቀለሃ መዝግቧል። የኢጣሊያ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ መርዝ ጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ በዶሜኒኮ ኮርቾኔ በኩል ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ።

እንግዲህ የሁለቱ ታሪኮች ርቀት ሦስት ዓመት ነው። በ1928 ጋራው ብረቱን አስቸገረ፤ በ1931 ያው ጋራ ወጥመድ ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው የተሻለ ታንክ አይደለም። መንገድ የማይፈልግ መሣሪያ ነው።

ይህን ቀድሞ ያየ ሰው ከተፈለገ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ አለ፤ እሱም የሚመሰገንበት ነገር የተሳሳተ ይመስላል። በ1903 እ.ኤ.አ. «የምድር ብረት ለበሶች» የሚል አጭር ልብወለድ አሳትሞ ነበር፤ መጀመሪያዎቹ ታንኮች በፈረንሳይ ፍሌር ግንባር ከመታየታቸው 13 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሁሉም «ታንክን ተነበየ» ይለዋል። ልብ ተብሎ ሲነበብ ግን በጣም የሚያስደነግጠው ብረቱ ሳይሆን ተኳሹ ነው። ተኳሾቹ በየትንሽ ክፍላቸው ተዘግተው የውጪውን ሜዳ በመስታወትና በሌንስ የመጣ ብሩህ ምስል ላይ ያያሉ፤ ምልክቱን የሰው ምስል ላይ ያሳርፉና እንደ በር ደወል ያለች ቁልፍ ይጫናሉ። አይጮኹም፣ አይፎክሩም፣ አይቆጡም። ፈረስ ግልቢያና ተኩስ የሚያውቀው የባላገር ጦር በእነዚህ የቢሮ ሠራተኛ በሚመስሉ ወጣቶች ያልቃል። ዌልስ የጻፈው ስለ ዛሬው የድሮን ኦፕሬተር ነው ቢባል ማን ይከራከራል?

እውነተኛው ታንክማ ዛሬ የራሱ ጭንቅ አለበት። ሩሲያ በ2015 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳየችው አርማታ ቱሬቱ ውስጥ ሰው የለም፤ ሦስቱም ወታደሮች ከፊት በታጠረ ክፍል ይቀመጣሉ። ለልብወለድ የሚመች ነገር ነው፤ በሰልፉ ልምምድ ላይ ግን ቀይ አደባባይ መሃል ቆሞ ቀረ። እስራኤል የሚመጣውን ሮኬት አየር ላይ የሚያመክን ትሮፊ የተባለ መከላከያ መርካቫ ታንኳ ላይ ገጥማ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትጠቀምበት ቆይታለች። አሜሪካ ለዩክሬን የሰጠቻቸው 31 ኤብራምስ ታንኮች ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ገደማ ከፊት መስመር ዞር እንዲሉ ተደርገው ነበር፤ ምክንያቱ ጥቂት መቶ ዶላር የምታወጣ፣ ፈንጂ የታሰረባት ድሮን ነች። የሩሲያ ወታደሮችም በዚያው ሰሞን ታንካቸውን ከላይ እስከ ታች በቆርቆሮ ሸፍነው ብቅ አሉ። የሠፈር ጋራዥ ውስጥ የተበየደ ዳስ ይመስላል። የ21ኛው ክፍለ ዘመን ታንክ መጨረሻው ቆርቆሮ ለብሶ መሄድ ይሆናል ብሎ የጻፈ ደራሲ አልተገኘም።

አሁንም «ጋራው ያድነናል» የሚል ሊኖር ይችላል፤ ነጥቡም ባዶ አይደለም። የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ጥልቅ ናቸው፤ ጋራ የሬዲዮ ሞገድን ይጋርዳል። ሩሲያ ዩራን 9 የተባለውን ሰው አልባ ብረት ለበስ ሶሪያ ላይ ስትሞክር ከተቆጣጣሪው ጋር ያለው ግንኙነት በሕንፃዎች መካከል እየተቋረጠ አስቸግሯት ነበር። ሆኖም በዩክሬን ጦርነት ቀጭን የኦፕቲክ ፋይበር ከኋላዋ እየዘረጋች የምትበር ድሮን ከመጣች ወዲህ ይህም መከታ ሳስቷል። ሬዲዮ ለማይፈልግ መሣሪያ ጋራ ምኑም አይደለም። ከፍ ብሎ የሚበረው ትልቁ ድሮንማ ቀድሞውኑ ሸለቆ አያግደውም፤ ለሱ ጣርማ በርም አዋሽ ሜዳም አንድ ነው።

ሰሜን ሸዋ ይህን ለማወቅ ዩክሬን ድረስ መሄድ አላስፈለገውም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ፣ ብዙ ታዛቢዎች እንደሚሉት፣ ሚዛኑን ለመቀየር ከረዱት ነገሮች አንዱ ከውጭ የተገዙት ድሮኖች ነበሩ። ያን ጊዜ በደስታ ያጨበጨበው ብዙ ነው፤ ስጋቱ እውነተኛ ስለነበረ አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲህ ግን በትግራይም በአማራም ክልል በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መሞታቸውን የመብት ተቋማት በተደጋጋሚ ዘግበዋል። ያው መሣሪያ፣ ያው ሰማይ።

ስለዚህ የታንክ ብረት ስንት ሴንቲሜትር ነው የሚለው ክርክር ለጨዋታ ካልሆነ ብዙም አያደርስም። ለልብወለድ ጸሐፊዎቻችን የሚሻለው ርዕስ ደጃቸው ላይ ነው፤ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰማዩን ድምፅ የሚያዳምጥ ገጸ ባሕርይ ከውጭ ፊልም ከተቀዳ የብረት ጭራቅ የበለጠ ይናገራል። ለተማሪም ደምበጊናና ዘረት በአንድ ምዕራፍ ቢሰጡት ይበጃል። ጎራዴው ያሸነፈበትን ብቻ ያወቀ ልጅ የሚቀጥለውን ጦርነት ባለፈው መለኪያ ይለካል።

ዋናው ግን የሕጉ ጉዳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው አውሮፕላን መርዝ እንደ ዝናብ ሲረጭ ምን እንደሚመስል ለዓለም ተናግረዋል። ያን ጊዜ መርዝ ጋዝን የሚከለክለው የ1925 እ.ኤ.አ. ፕሮቶኮል ነበረ፤ ኢጣሊያም ፈርማበታለች። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያለ ሰው ውሳኔ ዒላማ መርጠው የሚገድሉ መሣሪያዎችን የሚገዛ ስምምነት እስከ 2026 እ.ኤ.አ. እንዲደረስ ጠይቀዋል። ይህ የላውመር ቦሎ ከመጽሐፍ ወጥቶ የስብሰባ አጀንዳ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ የኢትዮጵያ ዲፕሎማቶች የዘረትን ሰነድ ይዘው ቢገቡ ከብዙ አገር የበለጠ የሚያስደምጥ ታሪክ አላቸው። ይህ የሚሆነው ግን በአገር ውስጥም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመለስ ነው፤ ድሮን እንዲተኩስ ማን ያዛል፣ ዒላማው በምን ይለያል፣ ሲቪል ሲጎዳ ማን ይመረምራል፣ ውጤቱስ ለማን ይፋ ይደረጋል? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እነዚህን አራት ጥያቄዎች በአዋጅ ለመመለስ አዲስ ቴክኖሎጂ መጠበቅ አያስፈልገውም።